የፔይንትቦል ማርከር ቦልት አስተካከል፦ ሳይያዝ እንዲመላለስ፣ ፍጥነቱም እንዳይዋዥቅ

ማርከር፣ ማለትም የቀለም ኳስ በአየር ግፊት የሚተኩሰው የፔይንትቦል መሣሪያ፣ የሚተኩስበት ፍጥነት ሲዋዥቅ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚነካው የፍጥነት ማስተካከያውን ብሎን ነው። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ አለበት። ብሎኑ የሚወስነው ለኳሱ የተመደበውን አየር ነው፤ ያንን አየር በየምቱ እኩል አድርጎ የሚያደርሰው ቦልቱ ነው። ቦልቱ አንዴ ተንሸራቶ አንዴ ተይዞ የሚሄድ ከሆነ ብሎኑን ቀኑን ሙሉ ብታዞሩት አንዱን መዋዠቅ በሌላ መዋዠቅ ከመተካት አታልፉም። ስለዚህ መጀመሪያ ቦልቱ ንጹሕ ሆኖ እኩል ይንሸራተት፤ ከዚያ ክሮኖግራፍ (የኳሱን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ) ላይ ይነበብ፤ ፍጥነቱ የሚወሰነው መጨረሻ ላይ ነው።

ቦልት ስንል ሁለት ብረት የሚያጣብቀውን ብሎን ማለታችን አይደለም። ከኳሱ ኋላ ተቀምጦ ወደፊት ሲሄድ ኳሱን ወደ አፈሙዙ የሚያስገባው፣ አየሩንም በውስጡ የሚያሳልፈው ተመላላሽ ቱቦ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት

ጭምብላችሁን አድርጉ። ሆፐሩን (ኳስ የሚመግበውን ዕቃ) አውልቁና ማርከሩን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ በውስጡ የቀረውን ኳስ ተኩሱ። ከዚያ የአፈሙዙን መሸፈኛ ከረጢት አልብሱ፣ ቦንቦላውን ፍቱ። ቦንቦላው ከወጣ በኋላም አየር ውስጥ ይቀራል፤ ቃታውን ደጋግማችሁ በመሳብ አስተንፍሱት፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ካለውም ዜሮ ላይ መውረዱን አረጋግጡ፤ ከዚያ አጥፉት። የታመቀ አየር የሚይዙ ቦንቦላዎች ሲሞሉ 3000 ወይም 4500 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ይደርሳሉ። ወደ ማርከሩ የሚገባው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ አየር ሳይወጣ የኋላ ክዳኑ ከተፈታ ቦልቱን ፊት ላይ ለመወርወር ይበቃል። በአፈሙዙ ቀዳዳ ማየት የሚፈቀደው አፈሙዙ ከማርከሩ ተለይቶ እጃችሁ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ግሪሱን ማንበብ፣ ኦሪንጉን መመርመር

የኋላ ክዳኑን ፍቱና ቦልቱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከተያዘ በፒንሳ አትጎትቱት፤ አፈሙዙን አውልቁና ከፊት በኩል በመጥረጊያው የፕላስቲክ ዘንግ በቀስታ ግፉት። የወጣውን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ በወጣበት ተራ ደርድሩ።

ጨርቁን አንስታችሁ ከመጥረጋችሁ በፊት ግን ግሪሱን ተመልከቱ፤ ችግሩን ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ጥርት ያለ ግሪስ ጤነኛ ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ብረት ከብረት እየተፋተገ ወይም ጎሚኒ እየተበላ ነው። ቀለም ከተቀላቀለበት የተሰበረ ኳስ ወደ ኋላ ዘልቋል፤ የቦልቱን የፊት ኦሪንግ (አየር እንዳያልፍ የሚዘጋውን የጎሚኒ ቀለበት) መጠርጠር ይገባል። ዙሪያውን ሁሉ ርሶ በአንድ በኩል ብቻ የደረቀ መስመር ካያችሁ፣ ቦልቱ በዚያ በኩል ተጠግቶ ይሄዳል ማለት ነው፤ አንድ ኦሪንግ ተጣምሞ ሳይቀመጥ አልቀረም።

የፈሰሰ ቀለም በውሃ ይለቃል፤ የኳሱ ሽፋን ጄላቲን፣ ውስጡም በዋናነት ፖሊኢትሊን ግላይኮል ነው። ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ይበቃል፤ ሰርኪዩት ቦርዱና ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚከፈተው የአየር ቫልቭ) አጠገብ ግን ውሃ አይድረስ። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚረጩ ዘይቶችን አትጠቀሙ። ነባሩን ግሪስ አጥበው ያወጣሉ፣ የሚተዉት ስስ ዘይት ብዙ ምት አይቆይም፣ አንዳንዱን ጎሚኒም ያሳብጣሉ።

አሁን ኦሪንጎቹን አንድ በአንድ። ጥፍራችሁን በዙሪያው እያንሸራተታችሁ ዳስሱ፤ ጥፍር የሚያደናቅፍ ስንጥቅ አየር ያሳልፋል። ክብነቱን ያጣና አናቱ የተደፈጠጠ ኦሪንግ ገና ባይሰነጠቅም ጨርሷል። ከቦታው ለማውጣት የፕላስቲክ ወይም የነሐስ መንቀያ ተጠቀሙ። ስለታም የብረት መርፌ ኦሪንጉን ባይጭረው እንኳ የተቀመጠበትን ቦይ ይጭረዋል፤ የተጫረ ቦይ ደግሞ አዲስ ኦሪንግ ብታስገቡበትም ማፍሰሱን አይተውም።

መጠን ላይ ቀልድ የለም። አብዛኛው ማርከር የሚጠቀመው በኢንች የተሠሩ፣ በሦስት አኃዝ የሚታወቁ ኦሪንጎችን ነው። ከ004 እስከ 050 ያሉት ሁሉ የገመዳቸው ውፍረት አንድ ነው፤ 1.78 ሚሊሜትር። የሚለያዩት በውስጥ ስፋታቸው ነው፤ 015 ወደ 14 ሚሊሜትር ሲሆን 016 ወደ 15.6 ነው። በዓይን አንድ የሚመስል ባለ 2 ሚሊሜትር ኦሪንግ ብትተኩበት ቦልቱ ይያዛል፤ ባለ 1.5 ብትተኩበት አየር ያልፋል። ከቁጥሩ ጎን ጥንካሬውም ይጻፋል። 70 ለስለስ ያለው፣ 90 ጠንካራው ነው። ጠንካራው የሚመደበው ኦሪንጉ በአየር ቀዳዳ ላይ እየተመላለሰ በሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ለስላሳው እዚያ ከገባ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ እየተላጠ ያልቃል። የማርከሩ መመሪያ 70 ባለበት 70፣ 90 ባለበት 90 አስገቡ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ማርከር ከሆነ ተራው ናይትራይል ጎሚኒ ጋዙን ጠጥቶ እንደሚያብጥ አስታውሱ፤ ዩሪቴን የተሻለ ይቋቋማል።

ግሪስ ስንት፣ የት

በብዛት መቀባት እንክብካቤ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከማነስ አይተናነስም። የተረፈው ግሪስ በአየር ተገፍቶ ወደ ሶሌኖይዱ ጠባብ መተላለፊያዎች ይገባል፣ ኳስ የሚያዩትን የኢንፍራሬድ ዓይኖች ይጋርዳል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለሦስት ኦሪንግ የክብሪት ጭንቅላት የሚያህል ይበቃል። በጣታችሁ አሽታችሁ ስስ አድርጉት፣ ከዚያ ኦሪንጉን በዙሪያው ቀቡ። ትክክለኛው መጠን ኦሪንጉ የሚያብረቀርቅበት፣ ጎኑ ላይ ግን ነጭ ክምር የማይታይበት ነው። ኦሪንጉ የሚሄድበትን የውስጥ ግድግዳም በጣት እንደነገሩ አብሱት። የማይንቀሳቀሱት፣ ለመዝጊያነት ብቻ የተቀመጡት ኦሪንጎች ከዚህም ያነሰ ይፈልጋሉ።

ስፑል ለሚባለው፣ ቦልቱ ራሱ አየሩን ለሚከፍትና ለሚዘጋው የኤሌክትሮኒክ ማርከር ግሪስ፣ በሀመር (ቫልቩን በሚመታው ተወርዋሪ ብረት) ለሚሠራው ሜካኒካል ማርከር ግን ጥቂት ጠብታ የማርከር ዘይት ነው የሚሆነው። ሁለቱን አታቀላቅሉ፤ ዘይቱ ግሪሱን ያቀጥነውና ሁለቱም ሥራቸውን ሳይሠሩ ይቀራሉ።

ከመግጠማችሁ በፊት የጣት ፈተናውን አድርጉ። የተቀባውን ቦልት በቦታው አስገቡና በአውራ ጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ግፉት። የምትፈልጉት ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ዓይነት፣ ቀላል ግን የሚሰማ መቋቋም ነው። መነሻው ላይ ከብዶ ድንገት ቢለቅ ኦሪንጉ ወፍራም ወይም ደረቅ ነው። መሐል ላይ ቢጎረብጥ ቆሻሻ አለ ወይም ኦሪንጉ ቦዩ ውስጥ ተጣምሟል። ምንም መቋቋም ሳያሳይ ቢወርድ ኦሪንጉ አልቋል። ይህ ፈተና በደረቅ ኦሪንግ ሲደረግ ያሳስታል፤ ደረቅ ጎሚኒ ደህናውንም ቦልት የተያዘ ያስመስለዋል።

ክሮኖግራፉ ምን ይላል

ገጥማችሁ አየር ስጡ፤ አሥር ያህል ምት ያለ ኳስ ተኩሱ፣ ግሪሱ ይዘርጋ። ከዚያ ከምትጫወቱበት ኳስ ሞልታችሁ በሰከንድ አንድ ምት ያህል እየተኮሳችሁ አሥሩንም ቁጥር ጻፉ። አማካዩን ብቻ መያዝ አይበቃም፤ በሽታው የሚታየው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለምሳሌ ማርከሩ 285 ጫማ በሰከንድ ላይ ታስቦ ይሁን።

ንባቡ 262፣ 283፣ 286፣ 284፣ 285 ከሆነ የመጀመሪያው ምት ብቻ ወድቋል። ማርከሩ ቆሞ ሳለ ኦሪንጎቹ ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ፣ ቦልቱም ለመላቀቅ ጊዜ ይፈጅበታል። ለማረጋገጥ አምስት ደቂቃ አስቀምጡትና እንደገና ተኩሱ። አሁንም አንደኛው ብቻ ዝቅ ካለ ጥፋቱ የቦልቱ ነው። መፍትሔውም በተራ፦ አጽድቶ እንደገና መቀባት፣ የኦሪንጉን መጠን ማጣራት፣ በመጨረሻም ድዌሉን (ሶሌኖይዱ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ) 1 ሚሊሰከንድ መጨመር። በዚህ ጊዜ ግፊት ጨምሮ የመጀመሪያውን ምት ማንሳት አደገኛ ስህተት ነው፤ አንደኛው 285 ሲደርስ ሁለተኛው ከ300 በላይ ይሆናል።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ 301፣ 284፣ 283፣ 285 ካነበበስ? መልኩ ይመሳሰላል፣ በሽታው ግን ሌላ ነው። ቦልቱ ደህና ነው፤ ሬጉሌተሩ (ከቦንቦላው የሚመጣውን ግፊት የሚቀንሰው ክፍል) ነው የማይዘጋው። መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ወይም ጭረት ስላለ ማርከሩ ቆሞ ሳለ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል። የሬጉሌተሩን መቀመጫና ኦሪንግ አጽዱ ወይም ለውጡ። ይህን ከቦልት መጣበቅ መለየት ብዙ ልፋት ያድናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲኖሩም አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፣ ማርከሩ ጤነኛ ይመስላል።

284፣ 281፣ 277፣ 272፣ 268 እያለ የሚወርድ ከሆነ አየሩ ቶሎ አይተካም። ቦንቦላው እያለቀ መሆኑን፣ የአየር መክፈቻው እስከ መጨረሻ መዞሩን፣ የሬጉሌተሩ ማጣሪያ አለመዘጋቱን እዩ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ደግሞ ፈጣን ተኩስ ጋዙን ያቀዘቅዘዋል፤ ትንሽ ሲያርፍ ይመለሳል።

ያለ ሥርዓት የሚዘል ንባብ፣ 284፣ 263፣ 291፣ 270 የሚል፣ ብዙ አባት አለው። መጀመሪያ ኳሱን ፈትኑ። የኳሱ ስያሜ 0.68 ኢንች፣ ማለትም 17.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ግን ያሳብጡታል፣ ቅርጹንም ያጠፉታል። የተፈታውን አፈሙዝ ቀጥ አድርጋችሁ ኳስ ጣሉበት፦ ዝም ብሎ ከወደቀ አፈሙዙ ሰፍቷል፤ በአፍ ተነፍቶም ካልሄደ ጠቧል፤ ቆሞ በትንፋሽ የሚወጣ ከሆነ ተስማምቷል። ኳሱ ደህና ከሆነ ባትሪውን ቀይሩ። የደከመ ባትሪ ሶሌኖይዱን በሙሉ ጉልበት አይከፍተውም፣ ቦልቱም አንዳንዴ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። ያም ካልሆነ ድዌሉ ለቦልቱ ከሚበቃው ወሰን አፋፍ ላይ ነው።

በደህና ስፑል አሥሩ ምት በሙሉ ከ10 ጫማ በማይበልጥ ስፋት ውስጥ ቢገቡ ጥሩ ነው። ከሀመር ማርከር የዚያን እጥፍ መታገሥ ይገባል።

ድዌልና ግፊት፦ ስፑል ማርከር

ድዌል ሶሌኖይዱ ለአንድ ምት ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ነው። ግፊቱ ኳሱን ምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል፤ ድዌሉ ቦልቱ መንገዱን እንዲጨርስ ጊዜ ይሰጠዋል። ድዌል ሲያንስ ቦልቱ ሙሉ በሙሉ ወደፊት ሳይደርስ ይመለሳል፤ ምቱ ይደክማል፣ ይዘላል። ሲበዛ ደግሞ ኳሱ ከሄደ በኋላ አየር ይባክናል፣ ፍጥነቱ ግን አንድ ጫማ አይጨምርም። ድዌልን እንደ ፍጥነት ማስተካከያ መጠቀም ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከፋብሪካው ቁጥር ጀምሩ። ግፊቱን 280 አካባቢ የሚያደርስ አድርጉት፣ አምስት ምት ተኩሳችሁ አማካዩን ያዙ። ድዌሉን በ1 ሚሊሰከንድ ቀንሱ፣ ቦርዱ ከፈቀደ በ0.5፤ እንደገና አምስት ምት። ለጥቂት እርምጃ አማካዩ አይነቃነቅም። ከዚያ አንድ እርምጃ ላይ ድንገት ይወርዳል፣ ስፋቱም ይጨምራል፤ አፋፉ ያ ነው። ከአፋፉ 1 ሚሊሰከንድ ወደ ላይ መልሱት። በብርድ የምትጫወቱ ከሆነ 2 አድርጉት፤ ግሪስ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ቦልቱም ይዘገያል።

አሁን ግፊቱ። ሬጉሌተሩን በአንድ ጊዜ ከስምንተኛ ዙር በላይ አታዙሩ። ወደየት ሲዞር እንደሚጨምር ከአምራች አምራች ይለያያልና በመመሪያው አረጋግጡ። ግፊት ስትቀንሱ ቀድሞ የተያዘው አየር እስኪወጣ ንባቡ አይለወጥም፤ ሁለት ሦስት ምት ያለ ኳስ ተኩሳችሁ ከዚያ አንብቡ። ይህን ያልጠበቀ ሰው «አልቀነሰም» ብሎ ደጋግሞ ያዞርና ከሚፈልገው በታች ይወርዳል።

በሀመር የሚሠራው

እዚህ አሠራሩ ሌላ ነው። ቃታው ሲሳብ ሲር የሚባለው ጥርስ ሀመሩን ይለቀዋል፤ ሞላው ሀመሩን ወደፊት ወርውሮ ቫልቩን ያስመታዋል። ከቫልቩ የወጣው አየር ሁለት መንገድ አለው። ከፊሉ በቦልቱ በኩል ኳሱን ይገፋል፣ ከፊሉ ሀመሩን ወደ ኋላ መልሶ ሲሩ ላይ ያስይዘዋል። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ ክፍፍል ነው።

አንዴ ቃታ ሲሳብ በራሱ እየደጋገመ የሚተኩስ ከሆነ ሀመሩ ሲሩ እስከሚይዘው ድረስ ወደ ኋላ እየደረሰ አይደለም፤ መሐል ላይ ቆሞ ሞላው መልሶ ይወረውረዋል። ቦንቦላው አለማለቁን እዩ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቀጥሎ የሀመሩ ኦሪንግ፤ ካለቀ ሀመሩን መግፋት የነበረበት አየር በጎኑ ያመልጣል፣ ከደረቀ ወይም ካበጠ ፍትጊያው ሀመሩን ያስቆመዋል። ከዚያ ሞላው፤ ፍጥነት ለመጨመር ብላችሁ አጥብቃችሁት ከሆነ አየሩ የማይችለው ጉልበት ሆኖ ይሆናል። የመጨረሻው ሲሩ ነው። ጠርዙ ተጠርቦ ክብ ከሆነ ሀመሩ ቢደርስም አይያዝለትም፤ በሞረድ ለማሾል አትሞክሩ፣ ለውጡት።

ፍጥነት የሚስተካከለው በሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ የኋላ ብሎኑ ሲጠብቅ ሞላውን ይጨምቃል፤ ሀመሩ ቫልቩን ጠንክሮ ይመታል፣ ቫልቩ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። እንደ ቲፕማን 98 ያለው ደግሞ በጎኑ ያለው ብሎን ሲጠብቅ የአየሩን መተላለፊያ ያጠብባል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ የትኛው እንዳላችሁ ሳታውቁ ብሩጎላውን አታስገቡ። በሩብ ዙር ሂዱ፣ በየሩብ ዙሩ ሦስት ምት አንብቡ። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠርን አንመክርም፤ የተቆረጠው ጫፍ ጠፍጣፋ ስለማይሆን ሀመሩን በአንድ ጎን ያዘነብለዋል፣ ያ ጎን ግድግዳውን ይፍቃል። የተለያየ ጥንካሬ ያለው የሞላ ስብስብ መግዛት ይሻላል።

ማርከሩ ቆሞ ሳለ በአፈሙዙ በኩል የሚፏጭ ከሆነ በዚህ ዓይነት የሚጠረጠረው የቫልቩ መዝጊያ ጎሚኒ ነው፤ ቦልቱን መፍታት አይጠቅምም። በስፑል ማርከር ግን ያው ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ ከቦልቱ የፊት ኦሪንግ ይመጣል። ከኋላ ክዳኑ ከሆነ የክዳኑ ኦሪንግ፣ ከእጀታው ውስጥ ከሆነ ሶሌኖይዱ ወይም ጋስኬቱ ነው።

ኳስ ሲቆረጥ

ቦልቱ ግማሽ የገባ ኳስ ላይ ከተዘጋ ይቆርጠዋል፤ ቦልቱ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። የኢንፍራሬድ ዓይኖቹን በደረቅ የጥጥ ጫፍ ጥረጉ፣ ሆፐሩ ኳስ በሚገባ መመገቡን እዩ፣ ኳሱን በቦታው የሚያቆሙትን ትንንሽ ጎሚኒዎች በጣት ጫኑ። ተጭነው ካልተመለሱ ሁለት ኳስ ባንድ ጊዜ ይገባል።

ስንት ላይ ይቆም

ብዙ ሜዳዎች ከ300 ጫማ በሰከንድ፣ ማለትም ከ91 ሜትር በሰከንድ በላይ አይፈቅዱም፤ ብዙዎቹ ወደ 280 ያወርዱታል፣ በቤት ውስጥም ከዚያ ያነሰ ይጠይቃሉ። ወሰኑ አማካያችሁን ሳይሆን እያንዳንዱን ምት ይመለከታል። ወሰኑ 300 ከሆነ አማካዩን 285 ላይ ተዉት። 3 ግራም የሚመዝን ኳስ በ280 ወደ 11 ጁል ሲይዝ በ300 ወደ 12.5 ጁል ይይዛል። ፍጥነቱ የጨመረው 7 በመቶ ነው፣ ምቱ ግን 15 በመቶ ገደማ ከብዷል። ያ ልዩነት የሚያርፈው ሰው ላይ ነው።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትጫወቱ ከሆነ ጠዋት ያስተካከላችሁት ለቀትር አይሆንም። የጋዙ ግፊት በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 500 ፒኤስአይ ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 830 ገደማ ሲሆን በ30 ዲግሪ ከ1000 ያልፋል። ሙቀቱ በተለወጠ ቁጥር ክሮኖግራፍ ላይ ተመለሱ። የታመቀ አየር በሬጉሌተር ስለሚወጣ ይህ ችግር ብዙም የለበትም።

አዲስ ኦሪንግ ያስገባችሁ እንደሆነ ደግሞ ሁለት መቶ ያህል ኳስ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና አንብቡት፤ ጎሚኒው ቦታውን ሲይዝ ፍትጊያው ይቀንሳልና ፍጥነቱ ከፍ ሊል ይችላል። ያኔ የቆመበትን ድዌል፣ የጌጁን ግፊትና የኦሪንጎቹን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከማርከሩ ጋር በቦርሳው አስቀምጡ። ቦልቱን ከአንድ ካርቶን ወይም 2000 ኳስ በኋላ፣ ኳስ ከተሰበረበት ግን በዚያው ቀን አውጥታችሁ እንደገና ቀቡት።